ውሃው እንዲደርስ፦ ወደ እሳት አደጋ ሥራ ለምትገቡ ወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ወደ እሳት አደጋ ሥራ ለመግባት ላሰባችሁና በቅርቡ ለገባችሁ ነው። ሥልጠናው ላይ አዲሱን መሣሪያ ያስተምሯችኋል፤ ተገቢም ነው። እኔ ግን የመጀመሪያዎቹ የከተማ እሳት አደጋ ብርጌዶች ለአባሎቻቸው ያወጡትን ደንብ እንድታጠኑ እፈልጋለሁ። መጀመሪያ ስታነቡት ቅር ሊላችሁ ይችላል፤ ስለ ጀግንነት የሚያወራ መስመር እምብዛም የለውም። ባልዲው የት እንደሚሰቀል፣ ቆዳው መቼ ቅባት እንደሚቀባ፣ የፓምፑ ቤት ቁልፍ ማን ጋ እንደሚያድር፣ ከስብሰባ የቀረ አባል እንደሚቀጣ፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል።

በዚህ ሙያ የሸበተ ሰው ደንቡን ሲያነብ ግን ሌላ ነገር ያያል። ውሃ ከምንጩ ተነሥቶ የሚነደው እንጨት ላይ እስኪያርፍ ድረስ በጉድጓዱ፣ በባልዲው፣ በፓምፑ፣ በቫልቩ (ውሃው ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋው ክዳን)፣ በቱቦው፣ በመጋጠሚያው፣ በአፈሙዙ (ውሃው የሚወረወርበት የቱቦ ጫፍ) እና በሰው እጅ ያልፋል። አንዱ ከከዳ የሌሎቹ ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። የድሮዎቹ ደንቦች እያንዳንዳቸው ከእነዚህ ማለፊያዎች አንዱን ይጠብቃሉ። የትኛውን እንደሚጠብቁ ካወቃችሁ ደንቡ ሸክም መሆኑ ይቀርና መሣሪያ ይሆናችኋል። (የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወራትና ቀናት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ከሩቁ ልጀምር። በ6 ዓ.ም. የሮም ንጉሠ ነገሥት አውግስጦስ «ቪጊሌስ» የተባሉትን የሌሊት ዘበኞችና እሳት አጥፊዎች አቋቋመ። በ7 ክፍል የተደራጁ ሲሆን ከተማዋ በ14 ቀበሌ ስለተከፈለች አንዱ ክፍል ሁለት ሁለት ቀበሌ ይጠብቅ ነበር። የአዛዣቸው ግዴታ በሮማውያን ሕግ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። ሌሊቱን ሙሉ ነቅቶ፣ ጫማውን ተጫምቶ፣ ባልዲና መጥረቢያ ይዞ እንዲዞር ታዟል። በፎቅ ቤት የሚኖረው ተከራይ ሁሉ በክፍሉ ውሃ እንዲያኖር የማስጠንቀቅ ግዴታም አለበት። ጫማው ለምን ተጻፈ ብላችሁ አትለፉት። ጫማ የሚፈልግ ሰው የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ያጣል፤ የእሳት ዕድሉ የሚወሰነውም በእነዚያ ደቂቃዎች ነው። ክፍል ውስጥ የተጀመረ ትንሽ እሳት በአንድ እንስራ ውሃ ይጠፋል። ጣሪያውን ከያዘ በኋላ ግን ፓምፕም ላይበቃው ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ቃል በቃል ይሠራል።

ዛሬ ኒውዮርክ በምትባለው፣ ያኔ በሆላንዶች እጅ በነበረችው ኒው አምስተርዳም፣ አስተዳዳሪው ፒተር ስታይቬሰንት በ1648 አራት የእሳት ተቆጣጣሪዎች ሾመ። ሥራቸው ቤት ለቤት እየዞሩ ጭስ ማውጫ ማየት ነበር። የእንጨት ጭስ ማውጫ መሥራት ተከለከለ፤ ጥላሸት ያላስጠረገ ተቀጣ፤ የቅጣቱ ገንዘብም ለባልዲ፣ ለመንጠቆና ለመሰላል መግዣ ዋለ። ይህ ዓይነቱ ቁጥጥር ዛሬም ከግዴታዎቻችሁ ዋናው ነው፤ ወጣት ሠራተኛ የሚሰለቸውም እሱኑ ነው። ቤት ለማየት ስትገቡ ምን እንደምትፈልጉ ካላወቃችሁ በእርግጥ ያሰለቻል። ጥላሸት ወፍሮ ከተጋገረ ራሱ ነዳጅ ነው፤ ከታች በተነሣ ብልጭታ ተቀጣጥሎ ጭስ ማውጫውን ከውስጥ ያነደዋል። የግንቡ ጭቃ ወይም ኖራ ከተሰነጠቀ እሳቱ በስንጥቁ ወጥቶ ጣሪያ ስር ይገባል። ከሁሉም የሚከፋው ከጭስ ማውጫው ጋር ተጠግቶ የተሠራ ወራጅ ነው። ሙቀቱ ወራት ሙሉ ያደርቀዋል፣ ያከስለዋል፣ በመጨረሻም ማንም ባልጠበቀው ሌሊት ይነድዳል። እጃችሁን ግድግዳው ላይ አሳርፉ። መዳፍ የማይችለው ሙቀት ካለ ከጀርባው እንጨት መኖሩን ጠይቁ።

የጋራ ደንብ ጽፈው በፊርማ ከተሳሰሩት ማኅበራት የታወቀው ቤንጃሚን ፍራንክሊን በ1736 በፊላደልፊያ ያቋቋመው የኅብረት እሳት ማኅበር ነው። 30 አባላት ነበሩት። እያንዳንዱ አባል የቆዳ ባልዲዎችን፣ ጠንካራ ከረጢቶችንና ቅርጫቶችን ሁልጊዜ ለሥራ ዝግጁ አድርጎ የማኖር፣ እሳት በተነሣ ቁጥርም ይዞ የመምጣት ግዴታ ነበረበት። በየወሩ አንድ ምሽት ተሰብስበው ስለ እሳት ያወራሉ፤ የቀረ ይቀጣል። ቅጣቱ እየተጠራቀመ ፓምፕ፣ መሰላልና መንጠቆ ተገዛበት። ይህን አሠራር በጣም እወደዋለሁ። ሰውን ለማዋረድ ሳይሆን ቸልተኝነቱን ወደ መሣሪያ ለመለወጥ የታሰበ ቅጣት ነው።

ከረጢቱ ለምን? ከሚነድ ቤት ዕቃ ማውጣት ከማጥፋቱ እኩል የአባሉ ሥራ ስለነበረ ነው። አፉ በገመድ የሚጠበብ ከረጢት ውስጥ ሳህኑም፣ ልብሱም፣ ሰነዱም አንድ ላይ ይገባል። ያለ ከረጢት የሚያወጣ ሰው ግን በሁለት እጁ የያዘውን ብቻ ያወጣል፤ እሱንም ደረጃ ላይ ይበትነዋል፤ ከኋላው የሚመጣው ይደናቀፍበታል። በቦስተን የነበሩ ማኅበራት አባሎቻቸው የአልጋ መፍቻ ጭምር እንዲይዙ ያዝዙ ነበር። ያኔ አልጋ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ ውዱ ነበር፤ በብሎን ስለተያያዘ ካልተፈታ በበር አይወጣም። የዚያን ዘመን መፍቻ በመዳፍ የሚያዝ ትንሽ የብረት ቁራጭ ነው። የሚፈታውን ብሎን ለይቶ አስቀድሞ ያዘጋጀው ሰው ግን ስለ ሥራው በደንብ አስቦበታል። ዕቃው ከወጣ በኋላም የሚጠብቀው ሰው ይመደብ ነበር፤ እሳት ያተረፈውን ሌባ እንዳይወስደው። ይህን ተረኛ «ሥራ ፈት» ብላችሁ አትናቁት፣ እናንተም ስትመደቡ አትከፉ።

አሁን ወደ ፓምፑ። ሪቻርድ ኒውሻም በለንደን በ1721 የባለቤትነት መብት ያወጣበት ዓይነት የእጅ ፓምፕ ሁለት ሲሊንደር (ክብ የብረት በርሜል)፣ በውስጣቸው እየወጣ እየወረደ ውሃውን የሚገፋ ሁለት ፒስተን፣ በግራና በቀኝ የሚገፋ ረጅም ዘንግ፣ ውሃ የሚጠራቀምበት ገንዳ፣ ከላይ ደግሞ የታፈነ አየር የያዘ ጉልላት አለው። ጉልላቱን አትርሱት። ፒስተኑ በገፋ ቁጥር ውሃው ጉልላቱ ውስጥ ያለውን አየር ያፍነዋል፤ ፒስተኑ በሚያርፍበት ቅጽበት የታፈነው አየር ውሃውን ይገፋዋል። ስለዚህ ከአፈሙዙ የሚወጣው ውሃ ሳይቆራረጥ ይፈስሳል። አየሩ ካለቀ ውሃው ይንተከተካል፣ ርቀቱ ያጥራል፣ ቱቦውም በየምቱ እየተመታ ይላላል።

የዚህ ፓምፕ ሕይወት ቆዳ ነው። ፒስተኑ ከሲሊንደሩ ግድግዳ ጋር የሚጣበቀው በቆዳ ነው፤ ብዙዎቹ ቫልቮችም ቆዳ ነበሩ። ቆዳ ከደረቀ ይኮማተራል፤ በዙሪያው አየር ያልፋል፤ ዘንጉን የቱንም ያህል ብትገፉት ውሃ አይነሣም። ስለዚህ «ፓምፑ በየጊዜው ወጥቶ በውሃ ይሥራ» የሚለው ደንብ ለሰልፍ ማሳያ የወጣ አይደለም፤ ቆዳው እንዲርስ ነው። ከሠራ በኋላ ደግሞ በብርድ አገር ውሃው ተንጠፍጥፎ መውጣት አለበት። በረዶ ሲሆን መጠኑ ወደ 9 በመቶ ይጨምራልና ሲሊንደሩን ይሰነጥቀዋል።

በእንግሊዝ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ሕጉ እያንዳንዱ ደብር ፓምፕ እንዲኖረው አስገደደ። መጀመሪያ ለደረሰው ፓምፕ 30፣ ለሁለተኛው 20፣ ለሦስተኛው 10 ሺሊንግ ሽልማት ተመደበ። በወረቀት ላይ ጥሩ ነው። በተግባር ግን ብዙው ፓምፕ ቤተ ክርስቲያን ጥግ ቆሞ ደረቀ፤ የሚገፋው ሰው ሳይሠለጥን ቀረ። ሽልማቱ የሚከፈለው ለመድረስ እንጂ ለማጥፋት አልነበረምና ሩጫውና ክርክሩ በዛ። አንድ ሕግ ምን እንደሚሸልም ተመልከቱ፤ ሰው የሚያመጣው የተሸለመውን ነው። ዛሬም የአንድ ጣቢያ ብቃት በደረሰበት ደቂቃ ብቻ ሲለካ ስሰማ ይህ ትዝ ይለኛል። ደርሶ ቱቦው የተቀደደ ከሆነ ፈጥኖ መድረሱ ለባለቤቱ ምን ይረባዋል?

ባልዲ በቅብብሎሽ የሚያልፍበትን ሥርዓት ደግሞ በቁጥር እንየው፤ ቁጥሩ ብዙ ያስተምራል። የቆዳ ባልዲ ወደ 10 ሊትር ይይዛል፤ እየተቀባበለ ሲሄድ ይፈስሳልና 8 ሊትር ደረሰ እንበል። ሰልፈኞቹ አንዱ የአንዱን ባልዲ ሳይራመድ በሚቀበልበት ርቀት ይቆማሉ፤ ወደ አንድ ሜትር ከሩብ። ውሃው 60 ሜትር ከራቀ በአንድ ሰልፍ 50 ሰው ገደማ ይፈልጋል፤ ባዶውን የሚመልስ ሌላ ሰልፍም አለ። በየ2 ሰከንዱ አንድ ባልዲ ካለፈ በደቂቃ 30 ባልዲ፣ ማለትም 240 ሊትር ነው። ሙሉውና ባዶው ባልዲ በአንድ ሰልፍ እንዳይተላለፉ የሚያዝዘው ደንብ ከዚህ የመጣ ነው። እጅ ለእጅ ከተጋጩ ሰልፉ ይቆማል፤ አንድ ሰው ሲቆም 50ው ይቆማል። ባልዲውን እስከ አፉ የሚሞላም ተሳስቷል፤ የሚፈሰው መሬቱን ያጨቀያል፣ ሰልፈኛው ይንሸራተታል። የተቀዳደደውን ባልዲ የሚያወጣ አንድ ሰው ጉድጓዱ አጠገብ ይቁም።

አሁን ይህን ከፓምፑ ጋር አስተያዩት። በለንደን በ19ኛው ክፍለ ዘመን የተለመደው ትልቅ የእጅ ፓምፕ ሁለት ሲሊንደር ነበረው። የእያንዳንዱ ስፋት 7 ኢንች ወይም 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ የፒስተኑ ጉዞ ደግሞ 8 ኢንች ነው። እያንዳንዱ በደቂቃ 40 ጊዜ ሲመታ 88 ጋሎን፣ ወደ 400 ሊትር ይወረውራል። የባልዲው ሰልፍ የሚያመጣው 240 ሊትር ብቻ ነው። ገንዳው ባዶ ይሆናል፤ ፓምፑ አየር ይስባል፤ አፈሙዙን የያዘው ሰው እሳቱ ፊት ለፊት ቆሞ ውሃው ይቋረጥበታል። ስለዚህ አንድ ፓምፕ በባልዲ እንዲመገብ ሲፈለግ ቢያንስ ሁለት የሙሉ ባልዲ ሰልፍ ያስፈልጋል። ጠንካራ መምጠጫ ቱቦ ሲመጣ ሥራው የተለወጠው በዚህ ምክንያት ነው።

መምጠጫ ቱቦም የራሱ ጠባይ አለው። ውሃን ወደ ላይ የሚያነሣው የከባቢ አየር ግፊት እንጂ ፓምፑ አይደለም። በባሕር ወለል ከፍታ ላይ በሂሳብ 10.3 ሜትር ያህል ይነሣል፤ በሥራ ላይ ግን ከ7 እስከ 8 ሜትር ካገኛችሁ ጥሩ ነው። ከፍታ ላይ ባለ ከተማ ደግሞ መጀመሪያ ላይ በየ1000 ሜትሩ ከአንድ ሜትር በላይ ይቀንሳል። ቱቦው ጫፍ ላይ ወንፊት ይኑረው፤ ወንፊቱ ከውሃው ወለል ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ይጥለቅ፤ ካልሆነ ውሃው እየተሽከረከረ አየር ያስገባል። ጭቃ እንዳይስብ ደግሞ ቅርጫት ውስጥ አስቀምጡት። አንድ ጠጠር ከቫልቭ ስር ከገባ ቫልቩ አይገጥምም፤ ግማሹ ውሃ ወደ ኋላ ይመለሳል። ውሃ አልነሣ ሲላችሁ ፓምፑን ከመፍታታችሁ በፊት መጋጠሚያውን አዳምጡ። የሚያፏጭ ድምፅ ካለ አየር የሚገባው በዚያ ነው፤ የቆዳው ቀለበት ወድቋል ወይም ደርቋል።

ዘንጉን የሚገፉት ሰዎች ከ26 እስከ 30 ይደርሱ ነበር። ዋናው ችግር ጉልበት አልነበረም። ሕዝብ በጩኸት ሲጀምር በደቂቃ 60ም 70ም ይገፋል፤ ብዙም ሳይቆይ ትንፋሹ ያልቃል፤ ከዚያ ፓምፑ ይሞታል። በለንደን ለሚገፉት ሰዎች ለመጀመሪያው ሰዓት አንድ ሺሊንግ፣ ከዚያ በኋላ ለእያንዳንዱ ሰዓት ስድስት ፔንስ (ግማሽ ሺሊንግ) ይከፈል ነበር። አንድ አባል ከአጠገባቸው ቆሞ ምቱን ይቆጥርላቸዋል፣ ተተኪዎችንም ያሰልፋል። መተካካት የሚደረገው ጥንድ በጥንድ፣ ዘንጉ ሳይቆም ነው። ሁሉም በአንድ ጊዜ ከለቀቁ አፈሙዙ ጋ ያለው ሰው ይጋለጣል።

ስለ ቱቦ ብዙ ማለት ይቻላል። አምስተርዳም ውስጥ ሠዓሊው ያን ፋን ደር ሄይደን ከወንድሙ ጋር በ1672 ተጣጣፊ የቆዳ ቱቦ ሥራ ላይ ከማዋሉ በፊት አፈሙዙ ፓምፑ ላይ ተተክሎ ከመንገድ በመስኮት ይረጭ ነበር። አብዛኛው ውሃ ግድግዳ ይመታል ወይም ወደ እንፋሎት ተለውጦ በአየር ይጠፋል። የእሱ ቱቦ 15 ሜትር ገደማ ርዝመት ባላቸው ቁራጮች ተሠርቶ በናስ ብሎን ይጋጠም ነበር፤ ሰው ይዞት ቤት ውስጥ ሊገባ ይችላል። የተሰፋ ቆዳ ግን ስፌቱ ላይ ይፈነዳል። በ1800ዎቹ መጀመሪያ ፊላደልፊያ ውስጥ በመዳብ ሚስማር የተገጠመ ቱቦ ሲሠራ ነው ግፊት መቋቋም የቻለው።

የቆዳ ቱቦ አያያዝ ደንብ ሁሉ ከአንድ ነገር ይነሣል፤ ቆዳ ውሃ ከጠጣ በኋላ ቅባት ካላገኘ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከእሳት ሲመለስ ይታጠባል፣ ከማማ ላይ ተሰቅሎ ይንጠፈጠፋል፣ ገና እርጥበት ሳይለቀው ሞራና ዘይት ይቀባል። ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ የተቀባ ቆዳ ቅባቱን ላዩ ላይ ብቻ ይይዘዋል። ሲጠቀለልም በተለያየ ቦታ ይታጠፍ፤ ሁልጊዜ አንድ መስመር ላይ የሚታጠፍ ቱቦ እዚያው ይቀደዳል። ጨርቅና ጎማ በመጣበት ዘመን ቅባቱ ቀረ፤ ማጠብ፣ መስቀልና ማጠፊያውን መቀያየር ግን አልቀረም። ቱቦውን ስትዘረጉ ከሹል ጠርዝ ጠብቁት፣ ከደረጃው ማዕዘን ላይ ከረጢት አንጥፉለት፣ ጋሪ አታሳልፉበት። ሰዎች እየገፉ ሳለ አፈሙዙን በድንገት አትዝጉ፤ ግፊቱ የሚሄድበት ያጣና ደካማው ቦታ ላይ ይፈነዳል።

በ1824 የኤድንብራ ከተማ በስኮትላንድ የመጀመሪያውን የማዘጋጃ ቤት ብርጌድ አቋቁማ ጄምስ ብሬድዉድ የሚባል ወጣት ሾመችበት። በዚያው ዓመት በኅዳር ትልቅ እሳት ከተማዋን መታት። በዚህ ሙያ ብዙውን ደንብ ያስተካከለው ብሬድዉድ ነው፤ ስለዚህ እሱ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰዎቹን የመረጠው ከጣሪያ ሠሪዎች፣ ከአናጢዎች፣ ከግንበኞች፣ ከቧንቧ ሠራተኞችና ከብረት ቀጥቃጮች ነው። ጣሪያ ሠሪ ከፍታ አይፈራም፤ አናጢና ግንበኛ የትኛው ወራጅ ምን እንደተሸከመ ያውቃሉ፤ ቧንቧ ሠራተኛና ቀጥቃጭ የተሰበረውን ይጠግናሉ። ልምምዱን ጎሕ ሳይቀድ ያደርግ ነበር፤ መንገዱ ጭር ያለ ስለሆነና ሰዎቹ በጨለማ መሥራት እንዲለምዱ። ልምምዳችሁ ፀሐይ ላይ፣ ሜዳ ላይ ብቻ ከሆነ ሌሊት ደረጃ ላይ መጋጠሚያውን በእጃችሁ አታገኙትም። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ መጋጠም ተለማመዱ።

የብሬድዉድ ዋና ትምህርት ውሃው የሚነደውን ነገር ራሱን ይምታ የሚል ነው። ነበልባል ላይ የሚረጭ ውሃ ብዙውን ጊዜ ይባክናል፤ ነበልባሉ ከሚወጣበት እንጨት ላይ ሲያርፍ ግን ይሠራል። ስለዚህ ወደ ውስጥ ተገባ። መግባቱም የራሱን ደንብ አመጣ። ማንም ብቻውን አይግባ፤ አንዱ ራሱን ቢስት ሌላው እንዲያወጣው። ጭስ በሞላበት ክፍል መሬት ለመሬት ይኬድ፤ የተሻለው አየር ከወለሉ ጥቂት ጣት ከፍታ ላይ ነው። በርና መስኮት ሳያስፈልግ አይከፈት፤ እሳት የሚያድገው በሚያገኘው አየር ነውና። በቅንነት ለመርዳት የመጣ ጎረቤት መጀመሪያ የሚያደርገው መስኮት መስበር ነው። ከእሳቱ ጋር ሳይሆን ከዚህ ልማድ ጋር ብዙ ትታገላላችሁ።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምነግራችሁ አለ። የድሮ ሰዎች አፋቸውን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ይገቡ ነበር። ጨርቁ ጥላሸቱን ይቀንሳል እንጂ ካርቦን ሞኖክሳይድን አያስቀርም። ይህ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ጉልበትን ያልፈሰፍሳል፣ ፍርድን ያዛባል፣ ሰውየው አደጋ ላይ መሆኑን ሳያውቅ ይወድቃል። ወለሉ አጠገብ ያለው አየርም ከእሱ ነጻ አይደለም። የመተንፈሻ መሣሪያ ሳታደርጉ ጭስ ውስጥ አትግቡ፤ የድሮውን ድፍረት ሳይሆን ጥንድ ሆኖ የመግባቱን ደንብ ውረሱ። እንፋሎቱንም አስቡ። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ወደ 1,700 እጥፍ ይሰፋል፤ መውጫ በሌለው ክፍል ውስጥ ብዙ ውሃ በአንድ ጊዜ ከለቀቃችሁ እናንተኑ ይቀቅላል።

ዝምታም ደንብ ነበር። እሳት ባለበት ሕዝቡ ይጮኻል፣ ወራጅ ይንኮሻኮሻል፣ ዘንግ ይንኳኳል፤ የቃል ትእዛዝ አይሰማም። ብሬድዉድ በመርከበኞች ፉጨት ምልክት ይሰጥ ነበር፤ ጀምሩ፣ አቁሙ፣ እያለ። ሥርዓቱ የሚሠራው ከአለቃው በስተቀር ማንም ካልነፋ፣ አባላትም በየፊናቸው ካላዘዙ ብቻ ነው። ሁለት ሰው የሚያዝዝበት ቱቦ ሁለት ቦታ ይጎተታል። የአለቃው ትእዛዝ ስህተት መስሎ ከታያችሁ፣ ያያችሁትን በአጭሩ ንገሩት፤ «ከኋላ ደረጃው እየነደደ ነው» በቂ ነው። ክርክሩ ለኋላ ይቆይ።

ቤት ማፍረስ ደግሞ ከሁሉ የከበደ ትእዛዝ ነው። በ1666 በለንደን ከመስከረም 2 ጀምሮ በተቃጠለው ታላቅ እሳት 13,200 ያህል ቤትና 87 አብያተ ክርስቲያናት ጠፉ። ከንቲባው ቶማስ ብለድዎርዝ በመጀመሪያው ሌሊት ቤቶች እንዲፈርሱ ለማዘዝ አመነታ፤ ባለቤቶቹ ካሳ ቢጠይቁ ማን ይከፍላል የሚለው አስጨነቀው። ክፍተት ለመፍጠር የሚፈርሰው ቤት እሳቱ ሳይደርስ ፈርሶ ፍርስራሹ መነሣት አለበት። እየነደደ የሚፈርስ ቤት ክፍተት ሳይሆን ማገዶ ይሆናል። በኋላ የመጡ ደንቦች የማፍረስ ትእዛዝ የሚሰጠውን ሰው አስቀድመው መወሰናቸው ለዚህ ነው። መንጠቆ የያዘ አባል ያለ ትእዛዝ አንድ ወራጅ አይስብ።

ብሬድዉድ በ1833 ወደ ለንደን ሄዶ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በጋራ ያቋቋሙትን 80 ሰው ያለው ብርጌድ መራ። ሰኔ 22 ቀን 1861 በቱሊ ስትሪት መጋዘኖች ሲነዱ ግድግዳ ተደርምሶበት ሞተ። እሳቱ ከመጋዘን መጋዘን እንዳያልፍ የተሠሩ የብረት በሮች ተከፍተው ነበር። ሁለት ነገር ያዙ። የእሳት መከላከያ በር ተከፍቶ ከቆመ እንደሌለ ነው፤ ለቁጥጥር ስትገቡ ከሥሩ ሽብልቅ ተደርጎ የቆመ በር ካያችሁ ሽብልቁን አውጥታችሁ ለኃላፊው ጻፉለት። ሁለተኛ፣ የሚነድ ሕንፃ ግድግዳ አጠገብ አትቁሙ። የግድግዳውን ቁመት ወስዳችሁ ግማሹን ጨምሩበት፤ ከዚያ ርቀት ውስጥ ሰውም መኪናም አይቁም። ግድግዳው ሆዱ ሲወጣ፣ ከስንጥቁ ጭስ ሲተነፍስ፣ የብረት ወራጅ ጫፉ ግንቡን ሲገፋ ካያችሁ አትጠብቁ። ብረት ሲሞቅ ይረዝማልና ግንቡን ወደ ውጭ ይገፋዋል።

መጠጥን በአጭሩ ልለፈው። ፓምፕ ለሚገፉ ሰዎች ቢራ የማደል ልማድ በብዙ ከተማ ነበር፤ ሰክሮ ለተገኘ አባል የተጻፈው ቅጣትም በዚያው ልክ ብዙ ነው። በሥራ ላይ ውሃ ጠጡ።

ነበልባሉ ከወደቀ በኋላ የሚሠራው ሥራ ብዙ ወጣት ያሸንፋል፤ ደክሟልና መሄድ ይፈልጋል። እሳት ግን ከወለል ስር፣ ከግድግዳ ክፍተት፣ ከወራጅ ጫፍና ከተከመረ እህል ወይም ጨርቅ መሃል ይደበቃል። በእጅ ጀርባ ግድግዳውን ዳስሱ፣ ጥርጣሬ ካለ ክፈቱት፣ ክምሩን ገልብጡት፣ በጥቂት ውሃ አርሱት። አንድ ቱቦና ሁለት ሰው ሌሊቱን ይደሩ፤ በየግማሽ ሰዓቱ ይዙሩ።

ከመሄዳችሁ በፊት ስም ይጠራ። የስም ጥሪ በድሮ ደንብ ሁሉ ውስጥ አለ፤ የቀረውን ለመቅጣት ብቻ ሳይሆን ፍርስራሽ ስር ሰው እንዳይቀር ነው። ከዚያ ዕቃ ይቆጠር፤ መሰላል፣ መንጠቆ፣ ባልዲ፣ መፍቻ፣ የቱቦ ቁራጭ፣ የቆዳ ቀለበት። ጣቢያ ስትደርሱ መጀመሪያ ቱቦው ይታጠብና ይሰቀል፣ ደረቅ ቱቦ ይጫን፣ ወንፊቱ ይጠረግ፣ ጎማውና ነዳጁ ይታይ፤ እናንተ የምትታጠቡት ከዚያ በኋላ ነው። መዝገቡ ላይ የምትጽፉትም አጭር ይሁን፦ ጥሪው የደረሰበት ሰዓት፣ ውሃ ከአፈሙዝ የወጣበት ሰዓት፣ ውሃው ከየት እንደተቀዳና ስንት ሜትር እንደራቀ፣ የተቋረጠ ከሆነ ለምን ያህል ደቂቃና በምን ምክንያት፣ የተጎዳ ዕቃና የሚጠግነው ሰው ስም። የተቋረጠበትን ምክንያት «በቴክኒክ ችግር» ብላችሁ አትጻፉ። «የ3ኛው ቱቦ መጋጠሚያ ቀለበት ደርቆ ነበር» ብላችሁ ጻፉ፤ በነጋታው ተረኛ የሚሆነው ሰው ሌሎቹን ቀለበቶች ሁሉ ማየት እንዳለበት ያውቃል።